አየርላንድ ውስጥ ሶሻል እየወሰዱ ዜግነት ማመልከት፣ እኔ ያለፍኩበትና አሁን የተቀየረው

ሰላም ለሁላችሁ። ከ2025 ኖቬምበር ወዲህ፣ የዜግነት መመዘኛው ስለጠበቀ፣ ስልኬ ዕረፍት አጥቷል፣ የማውቀውም የማላውቀውም ሰው እየደወለ "እህቴ ሶሻል (የመንግሥት የድጋፍ ክፍያ) ወስጃለሁ፣ ዜግነት ይከለክሉኛል ወይ?" ይለኛል፣ እና ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ከማወራ አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ነው። ሶሊሲተር (ጠበቃ) አይደለሁም፣ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) የምሠራ ኤችሲኤ፣ ማለት ተንከባካቢ፣ ነኝ፣ ግን ከአንዱ ክፍያ ወደ ሌላው እየተዘዋወርኩ ኖሬ፣ አፕላይ አድርጌ፣ ማብራሪያ ተጠይቄ፣ መልሼ፣ ዜግነቱን ያገኘሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የኔ ነገር እንዴት እንደነበረ። ዱብሊን ነው የምኖረው፣ ሁለት ልጅ አለኝ፣ ብቻዬን ነው የማሳድጋቸው። የስደተኝነት ወረቀቴ ከመጣ በኋላ ከካምፕ (ከጥገኝነት ጠያቂዎች ማረፊያ) ስወጣ ትንሿ ልጄ ገና ዳዴ የምትል ነበረች፣ ስለዚህ ዋን ፓረንት ፋሚሊ ፔይመንት (ብቻውን ልጅ ለሚያሳድግ የሚሰጥ ክፍያ) ጀመርኩ፣ ጎን ለጎን ቢሮ ማጽዳት ለጥቂት ሰዓት እሠራ ነበር። ከዛ የሄልዝኬር ሌቭል 5 ኮርስ ወሰድኩና ነርሲንግ ሆም ገባሁ፣ እዛ ስገባ ደግሞ ሰዓቴ ስለጨመረ ዋን ፓረንቱ ቀረና ወርኪንግ ፋሚሊ ፔይመንት (ልጅ እያሳደገ ለሚሠራ የሚሰጥ ማሟያ) ላይ ሆንኩ። የቤት ኪራዩ በሃፕ፣ ማለት በኪራይ ድጋፍ፣ ነው። ቻይልድ ቤኔፊትማ (የልጆች ወርሃዊ ክፍያ) ያው ሁሉም እናት የሚያገኘው ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ ሲታይ "ይቺ ሴትዮ ያልወሰደችው ነገር የለም" ያሰኛል፣ እኔም ፎርሙን ከመሙላቴ በፊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ ያለው ወሬ "አንድ ዩሮ ከነካሽ አለቀልሽ" የሚል ነው።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል? ዋናው ሕግ የ1956ቱ የዜግነት አዋጅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ክፍል 15 ላይ ለአዋቂ ሰው መመዘኛዎቹ ተዘርዝረዋል፦ ዕድሜ፣ መልካም ጠባይ፣ ከማመልከትህ በፊት ያለውን አንድ ዓመት ሳታቋርጥ መኖርና ከዛ በፊት ባሉት ስምንት ዓመታት ውስጥ ደግሞ በጠቅላላው አራት ዓመት መኖር፣ ወደፊትም እዚሁ ለመኖር ማሰብ፣ መጨረሻ ላይ መሐላ። ሶሻል የሚል ቃል እዛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ግን የመጨረሻው ውሳኔ የፍትሕ ሚኒስትሩ ነው፣ አዋጁ ሙሉ ሥልጣን ነው የሰጠው፣ ስለዚህ ሚኒስቴሩ በፖሊሲ ተጨማሪ ነገር ማየት ይችላል፣ ያያልም። እዚህ ቀድመው የመጡ የኛ ሰዎች የሚያወሩት እውነት ነው፣ ድሮ "ላለፉት ሦስት ዓመታት ራስህን ችለህ ኖረሃል ወይ" የሚል መለኪያ ነበረና በዛ ምክንያት የተከለከለ ሰው ብዙ ነው። ከዛ ነገሩ ላላ አለ፣ እኔ ያመለከትኩት በዛ በላላው ጊዜ ነው፣ ኦንላይን ማመልከቻው ከተጀመረ በኋላ፣ ማለትም ከ2023 ኦክቶበር ወዲህ።

አሁን ደግሞ መልሶ ጠበቀ። ኖቬምበር 2025 ላይ የፍትሕ ሚኒስትሩ ጂም ኦካላሃን ባወጡት መግለጫ ሦስት ነገር አለ፣ እኛን በቀጥታ የሚነካ። አንደኛ ስደተኛ ሆኖ ወረቀት ያገኘ ሰው ድሮ በሦስት ዓመት ያመለክት የነበረው ወደ አምስት ዓመት ሄደ። ሁለተኛ አመልካቹ ራሱን የቻለ መሆን አለበት፣ ይሄም ማለት ከማመልከቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተወሰኑ የሶሻል ፕሮቴክሽን ክፍያዎችን ያልወሰደ። ሦስተኛ ለመንግሥት ዕዳ የሌለበት። "የተወሰኑ" የሚለውን ልብ በሉት! ሁሉም አላሉም። ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ የሚዞረው ቮይስ "ማንኛውም ሶሻል" ነው የሚለው፣ እንደዛ አይደለም። የትኛው ክፍያ እንደሚቆጠር ፎርሙን በምታስገቡበት ሳምንት የኢሚግሬሽኑን ድረ ገጽ ከፍታችሁ ራሳችሁ አንብቡት፣ ወይ እንግሊዝኛ የሚችል ልጃችሁ ያንብብላችሁ፣ የኔንም ጽሑፍ ቢሆን ከዛ አታስበልጡት።

እዚህ ጋ የሰው ጭንቅላት የሚዞረው ሁሉንም "ሶሻል" ብለን ስለምንጠራው ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከተለያየ ኪስ ነው። ጆብሲከርስ ቤኔፊት (የሥራ ፈላጊ ክፍያ) ሠርተህ በከፈልከው ፒአርኤስአይ (ከደመወዝ የሚቆረጥ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) የሚገኝ ነው፣ ከ2025 ማርች መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሥራ ላቆመ ሰው በደመወዙ ልክ የሚሰላ አዲስ ዓይነት መጥቷል። ጆብሲከርስ አላወንስ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ገቢህ ተመርምሮ የሚሰጥ ነው። የወሊድ ክፍያውም በፒአርኤስአይ ነው። ዋን ፓረንት፣ ዲሴቢሊቲ አላወንስ (ለአካል ጉዳተኛ)፣ ኬረርስ አላወንስ (ሰው ለሚንከባከብ)፣ እነዚህ ገቢ የሚመረመርባቸው ናቸው። ወርኪንግ ፋሚሊ ፔይመንት እየሠራህ ነው የሚሰጥህ፣ በሁለት ሳምንት ቢያንስ 38 ሰዓት ካልሠራህ ጭራሽ አታገኘውም። ሃፕ ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) ነው የሚመጣው፣ ሜዲካል ካርድ ከጤና መሥሪያ ቤቱ ከኤችኤስኢ ነው፣ የልጆቹ የኮሌጅ ግራንት ሱዚ ከሚባለው የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ነው። ቻይልድ ቤኔፊት በወር በአንድ ልጅ 140 ዩሮ፣ ሚሊየነሩም ሚስት ትወስደዋለች። ስለዚህ አንድ ሰው "ሶሻል ወስጄ ተከለከልኩ" ሲላችሁ "የትኛውን? መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው መልሱን ራሱም አያውቀውም።

አንዲት እህት አለች፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ ነው የነገረችኝ፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ባሏ በሆቴል ይሠራል። ዜግነት ልናመለክት ነው ብለው የልጆቹን ቻይልድ ቤኔፊት ራሷ ደውላ አስቆመችው። በወር 420 ዩሮ! ማን መከራት ስላት "ሰዎች" አለች። ክረምት ነበር፣ የጋዝ ቢል መክፈል አቅቷቸው ሳሎኑን ዘግተው ሁላቸውም አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚውሉት። እኔ በጣም ነው የተናደድኩት፣ በሷ አይደለም፣ እንደዚህ ዓይነት ምክር አፉን ሞልቶ በሚሰጠው ሰው ነው። አሁን መልሳ ጀምራለች፣ ያለፈው ግን አለፈ።

ወደኔ ልመለስ። ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት አንድ የማይቆጨኝ ነገር ያደረግኩት ኢንትሪዮ (የሶሻል ፕሮቴክሽን ቢሮ) ሄጄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተከፈለኝን ሁሉ በወረቀት አውጡልኝ ማለቴ ነው። በማይጎቭአይዲ (የመንግሥት የኦንላይን መግቢያ) ማይዌልፌር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁም የፒአርኤስአይ ስቴትመንታችሁንና የክፍያ ስቴትመንት መጠየቅ ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ሰው ፊት ለፊት ቢያስረዳኝ ይሻላል ብዬ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ለምንድነው አለችኝ፣ ለዜግነት ነው አልኳት፣ "ኦ ላቭሊ" ብላ ማተም ጀመረች። ወረቀቱ ሲወጣ ከዋን ፓረንቱና ከወርኪንግ ፋሚሊው መሃል አንድ ጊዜ ብቻ የተከፈለ የማላስታውሰው መስመር አለ። ይሄ ምንድነው ስላት ኮምፒውተሩን አየችና "አልጋ" አለችኝ። ለካ ከካምፕ ወጥተን ባዶ ቤት ስንገባ ለልጆቹ አልጋና ለፍሪጅ የጠየቅነው የአንድ ጊዜ እርዳታ ነው፣ እኔ እሱን ከሶሻል አልቆጠርኩትም ነበር፣ ፋይሉ ግን ቆጥሮታል። ስለዚህ በጭንቅላታችሁ አታስታውሱ፣ ወረቀቱን አውጡ። ደግሞ ያ ስቴትመንት ሌላም ጥቅም አለው፣ ነዋሪነትህን በነጥብ ነው የሚቆጥሩት፣ ለእያንዳንዱ ዓመት 150 ነጥብ መሙላት አለብህ፣ የሶሻል ፕሮቴክሽን ወረቀት ደግሞ እዚህ አገር መኖርህን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ያ የፈራኸው ወረቀት ዓመቱን ሲሞላልህ ታገኘዋለህ።

ካስገባሁ ከወራት በኋላ መልእክት መጣ። ልቤ ድው አለ፣ ስከፍተው ግን ያን ያህል አይደለም፣ ስለ ሥራዬና ስለ ገቢዬ ተጨማሪ ማስረጃና በኮርሱ ጊዜ በምን እንደኖርኩ ማብራሪያ ነው የፈለጉት። አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ እንግሊዝኛዬ አሪፍ ስላልሆነ ላይብረሪ ያለች አንዲት ፈቃደኛ አየችልኝ። ልመና የለበትም፣ ለቅሶም የለበትም፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሄን ክፍያ እወስድ ነበር፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ያቆምኩት ሥራ በገባሁበት በዚህ ቀን ነው፣ አሁን ደመወዜ ይሄ ነው፣ የኮርሱ ሰርተፍኬትና ፔይስሊፖቹ ተያይዘዋል። የኢንትሪዮውን ስቴትመንት ከሥሩ አያያዝኩ። ሌላ ጥያቄ አልመጣም። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲመጣ እንደ ክልከላ ቆጥሮት ዝም ይላል፣ ወይ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይመልሳል፣ እንደዛ እንዳታደርጉ፣ ጊዜ ካጠራችሁ ጊዜ ጨምሩልኝ ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፣ አንዳንዱ ሰው ሊቀየመኝ ይችላል ግን ልበለው። እኔ እንዳየሁት ሰውን የሚያስቸግረው ክፍያውን መውሰዱ ብቻ አይደለም፣ ሶሻል ፕሮቴክሽን ላይ ያለው ታሪክና ዜግነት ፎርም ላይ ያለው ታሪክ ሲጣላ ነው። ምሳሌ ልስጥ። ዋን ፓረንት እየወሰደች ባሏ አብሯት ይኖራል፣ ዜግነት ፎርሙ ላይ ደግሞ "ባለትዳር ነኝ፣ አብረን ነው የምንኖረው" ብላ አድራሻውን ትጽፋለች፣ በቃ ራሷ ነው ያጋለጠችው። ሌላው ጆብሲከርስ እየወሰደ ሳያስታውቅ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ወር ይቆያል፣ ዜግነት ላይ ሙሉ ፓስፖርቱን ኮፒ አድርጎ ሲያስገባ የቦሌ ማኅተም ከነቀኑ ቁጭ ብሎ ይታያል (ከአገር ውጭ መቆየት ራሱ ከማመልከትህ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ 70 ቀን ነው የሚፈቀደው፣ ከዛ በላይ 30 ቀን ለየት ላለ ምክንያት ብቻ)። ሌላው ደግሞ ዲሊቨሪ እየሠራ ገቢውን ሳያስመዘግብ አላወንስ ይወስዳል፣ ባንክ ስቴትመንት ሲጠየቅ ገንዘቡ በየሳምንቱ ሲገባ ይታያል። እነዚህ ነገሮች ከ"ራስን መቻል" አልፈው "መልካም ጠባይ" የሚባለው ውስጥ ይገባሉ፣ እዛ ከገባህ ደግሞ ሁለት ዓመት በመጠበቅ አትወጣም። እንዲህ ዓይነት ነገር ያለበት ሰው ከማመልከቱ በፊት ሄዶ ቢያስተካክል ይሻላል፣ መክፈል ካለበት ይክፈል።

ስለ መክፈል ካነሳሁ፣ ኦቨርፔይመንት የሚባል ነገር አለ። ሰዓትህ ጨምሮ ሳታሳውቅ ስትቀር፣ አንዳንዴም ያለ አንተ ጥፋት፣ ትርፍ ተከፍሎህ ይገኝና በደብዳቤ መልስ ይሉሃል። አንድ ጓደኛዬ ደብዳቤው የድሮ አድራሻው ሄዶ ዕዳ እንዳለበት ሳያውቅ ነው የኖረው፣ ያወቀው ክፍያው ላይ በየሳምንቱ ሲቆረጥ አይቶ ነው። ዕዳ የሌለበት የሚለው አዲስ መመዘኛ ስላለ ኢንትሪዮ ስትሄዱ "ኦቨርፔይመንት አለብኝ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለ ከፍላችሁ ጨርሱና ጨርሳችኋል የሚል ወረቀት ያዙ። ሃፕ ላይ ያላችሁም ለካውንስሉ በየሳምንቱ የምትከፍሉት ድርሻችሁ ውዝፍ እንዳይኖረው እዩት።

ሁለት ዓመቱን በተመለከተ ሰው የሚጠይቀኝ "ታዲያ አሁን ላቁም ወይ?" ነው። የኔ አስተያየት፣ ሥራ ያላችሁና ክፍያው የኪስ ማሟያ ለሆነላችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ ለምሳሌ ወርኪንግ ፋሚሊው አንዴ ከተፈቀደ ለ52 ሳምንት ነው፣ ሲያልቅ ላድስ ወይስ ልተው የሚለውን ከዜግነቱ ጋር አብራችሁ ወስኑ፣ የመጨረሻው ክፍያ የገባበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉና ከዛ ቁጠሩ። ልጅ ለምታሳድግ ሥራ ለሌላት ግን፣ ለፓስፖርት ብላ ልጆቿን ማስራብ የለባትም። ስታምፕ 4 (የመኖሪያ ፈቃድ) ይዘሽ መሥራት ትችያለሽ፣ በትራቭል ዶክመንት (የስደተኛ የጉዞ ሰነድ) መሄድ ትችያለሽ፣ ዜግነቱ ሁለት ዓመት ቢዘገይ አይሸሽም። ትምህርት ጀምሪ፣ ኮርስ ግቢ፣ ሥራ ግቢ፣ ከዛ ቁጠሪ። በሕመም ወይም የታመመ ሰው በመንከባከብ ምክንያት ክፍያ ላይ ያላችሁ ግን ጓደኛ አትጠይቁ፣ እኔንም አትጠይቁ፣ ነጻ ምክር የሚሰጡ አሉ፦ ሲቲዝንስ ኢንፎርሜሽን በየሰፈሩ አለ፣ ፍላክ (ነጻ የሕግ ምክር)፣ አይሪሽ ሬፊውጂ ካውንስል፣ ኢሚግራንት ካውንስል፣ ኮርክ ያላችሁ ናስክ የሚባለው የስደተኞች መብት ድርጅት። የሕክምና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አምስት መቶ ዩሮ ስጡኝና አስጨርሳለሁ የሚል የኛ ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ።

ከተከለከላችሁስ? ይግባኝ የሚባል ነገር የለውም፣ ያለው ሃይ ኮርት ሄዶ ውሳኔው የተሰጠበትን መንገድ መቃወም ነው፣ እሱ ደግሞ ብር ይበላል፣ ጊዜውም አጭር ነው። ግን መልሶ ማመልከት ይቻላል፣ የሚከለክል ነገር የለም። በ2012 አንድ ከሶሪያ የመጣ ስደተኛ ያለ ምክንያት ዜግነት ተከልክሎ ሱፕሪም ኮርት ድረስ ሄዶ አሸንፏል፣ ከዛ ወዲህ ሚኒስትሩ ሲከለክሉ ምክንያት መስጠት አለባቸው። ስለዚህ የክልከላ ደብዳቤ ሲመጣ ቀዳችሁ እንዳትጥሉት፣ ምክንያቱ እዛ ላይ ነው ያለው፣ ሁለት ዓመቱ ስላልሞላ ነው ካለ ሲሞላ ማስገባት ነው።

ሂሳቡን ቶሎ ልበለው። ስታመለክቱ 175 ዩሮ ነው፣ አይመለስም። ሲፈቀድ አዋቂ 950 ይከፍላል፣ የስደተኝነት ወረቀት ያለን ግን እሱን አንከፍልም፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ፣ 950 ሳጠራቅም ነው የዘገየሁት ያለኝ ሰው አጋጥሞኛል፣ ስደተኛ ሆኖ እኮ!

ሌላው የኛ አገር ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፣ አይሪሽ ስትሆኑ ኢትዮጵያዊነቱን በሕግ ታጣላችሁ፣ ከዛ በኋላ አገር ቤት መግቢያችሁ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፣ ቢጫ ካርድ የምንለው። አገር ቤት በስማችሁ ቤት ወይም የውርስ ጉዳይ ያላችሁ ከመማላችሁ በፊት እዛ ያለ ጠበቃ አማክሩ።

መሐላው እኔ ጊዜ ኪላርኒ ከተማ ነበር፣ ዱብሊን ካለው የሂውስተን ጣቢያ ባቡር ይዘን ሄድን፣ ልጆቹ ከረሜላ በልተው በልተው ታመሙብኝ እንጂ ሌላው ጥሩ ነበር። ሰርተፍኬቱ በፖስታ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ስማችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል ከፓስፖርታችሁ ወይ ከትራቭል ዶክመንታችሁ ጋር አስተያዩት፣ የኛ የአባትና የአያት ስም ነገር እዚህ ሁሌ ይምታታል፣ ስህተት ካለ ለአይሪሽ ፓስፖርት ከማመልከታችሁ በፊት አሳርሙት። ኢንትሪዮና ሬቨኑ (የግብር መሥሪያ ቤት) ላይም ስማችሁ በሌላ አጻጻፍ ተመዝግቦ ከሆነ አብራችሁ አስተካክሉ። ጥያቄ ያለው የክፍያውን ስምና ያቆመበትን ቀን ጽፎ ይጠይቀኝ፣ "ሶሻል ወስጃለሁ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉልኝ።